የተጫዋቾች ጥያቄና መልስ፦ ማታዶር ላይ ለቆማችሁ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጌም ዙሪያ ናቸው፤ ሺን ሜጋሚ ቴንሴይ 3፦ ኖክተርን። አትለስ እ.ኤ.አ. በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው ሲሆን፣ በኤችዲ ታድሶ በ2020 በጃፓን፣ በሜይ 2021 ደግሞ በሌላው ዓለም ለገበያ ቀርቧል። ላልተጫወተው አንባቢ ባጭሩ ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ተማሪ የታመመች መምህሩን ሊጠይቅ ሺንጁኩ ወዳለ ሆስፒታል ይሄዳል። እሱ እዚያ እያለ ዓለም ያልቃል። ቶኪዮ ተጠቅልላ የኳስ ውስጠኛ ግድግዳ ትሆናለች፣ መሃሏ ላይ ካጉትሱቺ የሚባል ብርሃን ይንጠለጠላል። ልጁ ማጋታማ የሚባል ትል መሰል ነገር በሰውነቱ ገብቶ ግማሽ ሰው ግማሽ ጋኔን ሆኖ ይነቃል። ቀሪው ጉዞ በፍርስራሹ መካከል ነው።

ከፐርሶና 5 ቀጥዬ ነው የጀመርኩት። አራት ሰዓት ተጫውቼ አንድም ጓደኛ አላገኘሁም። የሳትኩት ነገር አለ?

ምንም አልሳትክም፤ ጌሙ እንዲህ ነው። ፐርሶና ከዚህ ተከታታይ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ነው፤ ጋኔኖቹና የድግምቶቹ ስሞች አንድ ናቸው፣ ሌላው ግን ይለያያል። እዚህ የቀን መቁጠሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ አብሮ ቡና መጠጣት የለም። ከአንተ ጋር የተረፉት ሁለቱ የክፍል ጓደኞችህ ቺያኪና ኢሳሙ በየፊናቸው ይሄዳሉ። በየጊዜው ባገኘሃቸው ቁጥር ደግሞ ከሰውነታቸው የተረፈው እየቀነሰ ነው። ቺያኪ ብርቱው ብቻ የሚኖርበትን ዓለም ትሻለች። ኢሳሙ እያንዳንዱ ለብቻው የሚኖርበትን ይመኛል። ዓለምን ያጠፋው ሂካዋ ደግሞ ስሜት የሌለበት ጸጥታ ይፈልጋል። የጌሙ ጨለማ የሚባለው ጭራቆቹ አይደሉም፤ የምታውቃቸው ልጆች እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲይዙ ቆመህ ማየትህ ነው።

በተግባር የሚለየው አንድ ነገር ይኸውልህ፦ የምትተማመንበት ቋሚ ቡድን የለም። አብረውህ የሚዋጉት ሦስት ጋኔኖች በየጥቂቱ ሌቭል (የዕድገት ደረጃ) የሚቀየሩ ናቸው። አንዱን ወደህ እስከ መጨረሻ ልያዝ ካልክ በኋላ ያንገላታሃል።

ማታዶር ስድስት ጊዜ ገደለኝ። ሌቭል መጨመር ብቻ ነው መፍትሔው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ ከሁሉ የበዛው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። ማታዶር ከጊንዛው ምድር ቤት መንገድ ወጥተህ ወደ ኢኬቡኩሮ ስትሄድ የሚገጥምህ፣ የበሬ ተዋጊ ልብስ የለበሰ አጽም ነው። ጌሙ እስከዚያ ያስተማረህን በሙሉ የሚፈትንበት ቦታ ነው፤ የሚጥልህም ጉልበት ስላነሰህ ሳይሆን ተራህን ስለሚነጥቅህ ነው።

መጀመሪያ የተራ አቆጣጠሩን በደንብ እንያዝ። ማያ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ተዋጊ አንድ የተራ ምልክት ይሰጣል፤ አራት ሆናችሁ ከገባችሁ አራት ነው። ተራ ድርጊት አንድ ምልክት ይበላል። የጠላትን ድክመት ከመታህ ወይም ክሪቲካል (ከተለመደው የበለጠ የሚጎዳ ምት) ከወጣልህ የሚበላው ግማሽ ብቻ ነው፤ ምልክቱ አይጠፋም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ተራህን ለቀጣዩ ስታሳልፍም እንዲሁ ግማሽ ይሄዳል። ስለዚህ አራት ምልክት እስከ ስምንት ድርጊት ሊደርስ ይችላል። አሁን ክፉው ጎን፦ ምትህ ከሳተ ወይም ጠላት ምንም ካልሆነበት ሁለት ምልክት ይጠፋል። ከመለሰው ወይም ከጠጣው ሁሉም ይጠፋል፣ ተራው የጠላት ነው። ይህ ሕግ ለጠላትም ያው ነው፣ ቃል በቃል።

ማታዶር ቀይ ጨርቁን ሲያውለበልብ ሬድ ካፖቴ የተባለውን ስኪል (የውጊያ ችሎታ) መጠቀሙ ነው፤ የመምታትና የመሸሽ አቅሙን እስከ ጣሪያው ያደርሳል። ከዚያ በኋላ አንተ ትመታለህ፣ ይስታል፣ ሁለት ምልክት ይጠፋል፤ ደግመህ ትመታለህ፣ ይስታል፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። በሁለት ምት ተራህ አለቀ። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ «ዕድሌ ነው» ይላል። ዕድል አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ፍቱን መልሱ ፎግ ብሬዝ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ ዋዳትሱሚ ከተባለው ማጋታማ ይማረዋል። እያንዳንዱ ፎግ ብሬዝ የጠላትን የመምታትና የመሸሽ አቅም በሁለት ደረጃ ያወርዳል። ጣሪያው ከዜሮ በላይ አራት ደረጃ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ስትጠቀም ወደ መደበኛው ይመለሳል፣ ሦስተኛና አራተኛውን ብትጨምር እሱ ራሱ መሳት ይጀምራል። እሱ ሲስት ደግሞ ሁለት ምልክት የሚጠፋው ከእሱ ነው። በዚህ ጌም እነዚህ ለውጦች በጊዜ አይጠፉም፤ ውጊያው እስኪያልቅ ወይም አንዱ ወገን እስኪሽራቸው ይቆያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ተራዎች ለማጥቃት ሳይሆን ለዚህ አውላቸው። ፎግ ብሬዝ ያመለጠህ ከሆነ የጠላትን የመምታትና የመሸሽ አቅም የሚቀንስ ሱኩንዳ የሚባል ድግምት ያለው ጋኔን አምጣ፣ ወይም ሱኩካጃ ያለው ጋኔን ደጋግሞ የራስህን ቡድን ከፍ ያድርግ፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

ሁለተኛው ስህተት ማጋታማውና አጃቢዎቹ ላይ ነው። ማዛን የሚባለው ድግምቱ ሁላችሁንም በፎርስ፣ ማለትም በነፋስ ኃይል፣ ይመታል። ከመካከላችሁ አንድ እንኳ ለፎርስ ደካማ ካለ በእያንዳንዱ ማዛን ተጨማሪ ተራ በእጅህ ሰጥተኸዋል ማለት ነው። ሺራኑይን ለብሰህ የገባህ እንደሆነ ደካማው አንተ ራስህ ነህ፤ ሺራኑይ እሳትን ይከላከላል፣ ለፎርስ ግን ያጋልጣል። ሂፉሚ ካለህ እሱን ልበስ፤ ፎርስን ፈጽሞ ያከሽፋል። አጃቢዎችህን ደግሞ በሁኔታ መግለጫ ገጻቸው ላይ አንድ በአንድ እይ። ፎርስን የሚያከሽፍ ጋኔን ሁለት ካገኘህ ማታዶር ማዛን ባነሳ ቁጥር ተራው ይቃጠላል።

የቀረው አንዳሉሲያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፍ የሰይፍ ምት። ቀጣዩን ምት የሚያጠነክረውን ፎከስ ከተጠቀመ በኋላ ከመጣ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ፎከሱን ስታይ ማጥቃት ተውና የሁሉንም ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ሙላ። ዋናው ገጸ ባሕሪ ከወደቀ ሌሎቹ ሦስቱ ቆመው እያሉም ጨዋታው ያበቃልና፣ መጀመሪያ የሚታከመው ምንጊዜም እሱ ነው። በራኩካጃ መከላከያችሁን ሁለት ጊዜ ከፍ ማድረግም ትልቅ እፎይታ ይሰጣል።

ስኪል ስምንት ብቻ መያዝ ይቻላል፤ ማጋታማዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። የትኛውን ልልበስ? አንዴ የጣልኩትን ስኪል መልሼ ማግኘት እችላለሁ?

ከኋለኛው እንነሣ፤ የጣልሽው አይመለስም። ስለዚህ አዲስ ስኪል ሲመጣ ቸኩለሽ አትሰርዢ።

ማጋታማ ሁለት ሥራ አለው፣ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። አንደኛው መከላከያ ነው፤ የለበስሽው ብቻ ነው የሚሠራው፣ በውጊያ መሃል መቀየርም አይቻልም። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ሌቭል ስትጨምሪ በዚያች ቅጽበት የለበስሽው ማጋታማ ተራው የደረሰውን አንድ ስኪል ያስተምርሻል። አንድ ሌቭል ቢበዛ አንድ ስኪል ነው። መከላከያ ብለሽ አንዱን ብቻ ለብሰሽ ሃያ ሌቭል ብትወጪ የሌሎቹ ትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል።

የሚሠራው ልማድ ይህ ነው። በአዲስ አካባቢ ስትዘዋወሪ ለአካባቢው ጠላቶች የሚሆን መከላከያ ልበሺ። ለቀጣዩ ሌቭል የሚቀርሽን ነጥብ ሁኔታ መግለጫው ላይ እያየሽ፣ አንድ ወይም ሁለት ውጊያ ሲቀርሽ ልትማሪበት ወደምትፈልጊው ቀይሪ። ሌቭሉ እንደወጣ መልሺ። ቦስ (ዋና ጠላት) ፊት ግን ለትምህርት ብለሽ አትልበሺ። አንዳንዴ ሌቭል ሲጨመር ማጋታማው ሰውነትሽ ውስጥ ይንፈራገጣል፣ ልተወው ወይስ ላስቁመው ብሎ ጌሙ ይጠይቃል። ብትተዪው ፈውስ ወይም የአቅም ጭማሪ ሊሰጥሽ ይችላል፤ እርግማንም ሊያመጣብሽ ይችላል። ሴቭ ካደረግሽ ብዙ ካልራቅሽ መድፈሩ አይከፋም።

ስምንቱን ቦታ በተመለከተ የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ጉልበት ላይ አተኩሪ። በየሌቭሉ የምታገኚው አንድ ነጥብ ነው፣ የእያንዳንዱ አቅም ጣሪያ ደግሞ 40። የዋናው ገጸ ባሕሪ አስማት መጀመሪያ ላይ ያማልላል፣ ወደ መጨረሻው ግን ኤምፒ (የድግምት ነጥብ) የሚበላውን ያህል አይመታም። የጉልበት ምቶች የሚከፈሉት በኤችፒ ስለሆነ ኤምፒሽ ለፈውስ ይቆይልሻል። ፎግ ብሬዝን እስከ ታሪኩ አጋማሽ አትልቀቂው፣ ፎከስንም ያዢ። ፒርስ የተባለው ስኪል ደግሞ የጉልበት ምቶችሽ የጠላትን መከላከያ ጥሰው እንዲያልፉ ያደርጋል። ፒርስ የሚገኘው ከመጀመሪያው ማጋታማ ከማሮጋሬህ ነው፤ ሌቭል 21 ይጠይቃል፣ ከዋናው ታሪክ ጎን ባለው የአማላ ላቢሪንት የሚባል ግራ አጋቢ ሥፍራም ጠልቀሽ ካልገባሽ አይመጣም። ብዙዎች «ማሮጋሬህ አስተምሮ ጨርሷል» ብለው የሚረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሃያ አምስተኛውና የመጨረሻው ማሳካዶስ ነው። ሌሎቹን ሃያ አራቱን ለሰበሰበ ብቻ ይሰጣል፣ ከኦልማይቲ (ምንም መከላከያ ከማይመክተው የጥቃት ዓይነት) በስተቀር ሁሉንም ጥቃት ያከሽፋል። ሱቅ ያየሽውን ማጋታማ ውድ ነው ብለሽ አትለፊው።

የ14 ዓመት ልጄ ይህን ጌም እንድገዛለት ጠይቆኛል። አጋንንትና ሉሲፈር እንዳሉበት ሰማሁ። ምን ይመክሩኛል?

እንዲህ አስቀድመው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ያለውን እንዳለ እንንገርዎ። ጌሙ ከብዙ ሕዝቦች እምነትና ተረት የተወሰዱ አማልክትን፣ መላእክትንና አጋንንትን ያሰልፋል፤ ተጫዋቹ ያናግራቸዋል፣ ይቀጥራቸዋል፣ ይዋጋቸዋል። ከመላእክት ጋር መዋጋትም አለ። ከፍጻሜዎቹ በአንዱ ገጸ ባሕሪው ከሉሲፈር ጎን ይሰለፋል። በጭቃ የተሠሩ ማኒኪን የሚባሉ ፍጡራን ካቡኪቾ እስር ቤት ውስጥ የሚሰቃዩበት ረጅም ክፍል አለ፣ ሥቃያቸው ማጋትሱሂ የሚባል ኃይል ሆኖ ይቀዳል። ደም ብዙ የለውም። የአንዳንድ ጋኔኖች ምስል ግን ዕርቃን ነው፣ ማራ የተባለውም ግልጽ የወሲብ ቅርጽ አለው።

በእኛ አስተያየት ለ14 ዓመት ልጅ ፈጥኗል፤ የሚከብደው ምስሉ ሳይሆን ተስፋ መቁረጡ ነው። ከፍ ላለ ልጅ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት አብረውት ይቀመጡ። ዓለም ስለ ማለቅና ዓለምን እንደገና ስለ መሥራት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ለውይይት የሚበቁ ናቸው።

ጋኔኖቼን አዋህጄ ያገኘሁት ከወላጆቹ የደከመ ነው። ምን አበላሸሁ?

ምናልባት ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ከማዋሃድህ በፊት ሁለቱንም በመዝገቡ አስመዝግበሃል? ጋኔኖች የሚዋሃዱበት የጥላዎች ካቴድራል መዝገብ ያስመዘገብከውን ጋኔን ከነስኪሎቹ በማካ (በጌሙ ገንዘብ) መልሶ ይሸጥልሃል። ሳታስመዘግብ ያዋሃድከው ግን ያደገበት ሁሉ ጠፋ። ሌቭል በጨመረ ቁጥር እንደገና አስመዝግብ።

ሁለተኛ፣ በስሙ አትማረክ፣ ሰንጠረዡን አንብብ። ውጤቱ ሳይጸድቅ ድክመቱና ስኪሎቹ ይታያሉ። በፕሌይስቴሽን 2 የሚወረሱት ስኪሎች በዕጣ ስለነበሩ ተጫዋቾች የሚፈልጉት እስኪመጣ ድረስ እየሰረዙ ደጋግመው ይከፍቱት ነበር፤ በኤችዲው ግን አንተው ትመርጣለህ። ቢሆንም ሁሉም ለሁሉም አይወረስም፤ ለምሳሌ የትንፋሽ ስኪል አፍ ለሌለው ጋኔን አይተላለፍም። ለፈውስ አንድ፣ ለማዳከም አንድ፣ ድክመት ለመምታት አንድ ብለህ ሥራ ከፋፍለህ ምረጥ። አራት አጥቂ ብቻ ይዞ የሄደ ቡድን የመጀመሪያው ቦስ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ ከራስህ ሌቭል በላይ የሆነ ጋኔን መፍጠር አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሌቭል ብቻ የቀረህ ከሆነ ታገሥ፣ ወጥተህ ተዋግተህ ተመለስ። ሦስተኛ ጋኔን ሠውቶ ማዋሃድ የሚቻለው እንደ ጨረቃ የሚሞላውና የሚጎድለው ካጉትሱቺ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው፤ የተሠዋው ልምዱንና ስኪሉን ለአዲሱ ያወርሳል። በዚያው በሙሉ ብርሃን ግን የመንገድ ጋኔኖች ስለሚቀበጡ ማነጋገርና መቅጠር አይሆንም። ቅጥርህን ቀድመህ ጨርስ።

ሙሉ ኤችፒ እያለኝ በአንድ ድግምት ሞትኩ። እንዴት?

ሐማ ወይም ሙዶ ነው። ሁለቱም ኤችፒ አይቆጥሩም፤ ከያዙ ወዲያው ይገድላሉ። አንክ የተባለው ማጋታማ ሐማን፣ አናቴማ ሙዶን ያከሽፋል። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ጠላቶች ባሉበት እነዚህን የሚያግደውን ቴትራጃ የተባለ ድግምት የሚችል ጋኔን ያዝ። ደግሞ ማያ ገጹ ጥግ ላይ ያለውን የጠላት ምልክት ተከታተል፤ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲሄድ ውጊያ ቀርቧል። ቀይ ሳይሆን በፊት ታከም፣ ማጋታማህንም አስተካክል፤ ድንገት ከኋላ ከመጡብህ ቀድመው የሚመቱት እነሱ ናቸው።

የእውነተኛው ጋኔን ፍጻሜ እንዲመጣ ምን ማድረግ አለብኝ? አንድ ጊዜ ጨርሼ ኢሳሙ ጋር ቀረሁ።

ስድስት ፍጻሜ አለ። ሦስቱ ከላይ ያነሣናቸው ሦስት ሰዎች የሚመኟቸው ዓለማት ናቸው፦ የሂካዋ ሺጂማ፣ የቺያኪ ዮሱጋና የኢሳሙ ሙሱቢ። ሁሉንም እምቢ ያለ ወይ ወደ ነፃነት ወይ ወደ ጋኔን ፍጻሜ ይሄዳል፤ ይህን የሚወስኑት በመንገድ ላይ የሰጣቸው መልሶች ናቸው፣ በተለይ መምህርቷ ዩኮ የድሮውን ዓለም ስለ መመለስ ስትጠይቅ የመለሰላት። ስድስተኛው፣ አንተ የጠየቅኸው የእውነተኛው ጋኔን ፍጻሜ፣ በንግግር አይገኝም፤ በእግር የሚኬድበት ነው።

ማታዶርን ስታሸንፍ መቅረዝ ታገኛለህ። እንደ እሱ ያሉ ፊንድ የሚባሉ አጽም ጠላቶች ሌሎችም አሉ፦ ዳይሶጆ፣ ሄል ባይከር፣ አራቱ ፈረሰኞች፣ እናት ጋለሞታና ነፋሹ ትራምፔተር። መቅረዞቹ የአማላ ላቢሪንትን በሮች ይከፍታሉ። ላቢሪንቱ አምስት ካልፓ፣ ማለትም አምስት ትልልቅ ደረጃዎች አሉት፤ በየደረጃው ባሉት ቀዳዳዎች ስታይ ጥቁር የለበሰችው ሴት የዓለምን አመጣጥ ትነግርሃለች፣ እነሱንም አትዝለል።

ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። አምስተኛውን ካልፓ መጨረስ ያለብህ ወደ ካጉትሱቺ ግንብ ጫፍ ከመውጣትህ በፊት ነው። «ግንቡን ልይና እመለሳለሁ» ያለ ተጫዋች ሌላ ፍጻሜ ይዞ ይወጣል። አንዳንድ ፊንዶች ደግሞ የሚገኙት ያለፍካቸውን ቦታዎች ተመልሰህ ስትጎበኝ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩ አዲስ ምዕራፍ በከፈተ ቁጥር ከቦታ ወደ ቦታ በሚያሻግሩት ተርሚናሎች ወደ ኋላ ዙር። በላቢሪንቱ ጥልቅ መጨረሻ ላይ ከመውረድህ በፊት በሌላ ፋይል ሴቭ አድርግ። ያ እርምጃ ፍጻሜህን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ለቺያኪም ለኢሳሙም ምን ብትላቸው አይቀየርም። የመጨረሻው ተቃዋሚህም ካጉትሱቺ ብቻ አይሆንም፤ ሉሲፈር ራሱ ይጠብቅሃል። ማሳካዶስ የሚፈለገው ያኔ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ኦልማይቲን ስለማያቆም አጃቢዎችህን በኤችፒ አድልባቸው።

የትኛውን እትም ልግዛ?

ኤችዲውን፣ ማሽንህ ከያዘው። ፕሌይስቴሽን 4፣ ስዊችና ፒሲ ላይ አለ። ስኪል መምረጥ መቻሉና በየትኛውም ቦታ አቁሞ መውጣት መቻሉ ብቻ ይበቃዋል። ፒሲውም በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ የታሰረ ነው፣ የሙዚቃውም ጥራት እንደ ቀድሞው የታመቀ ነው፤ ይህን አውቀህ ግዛ። ውጊያው ከከበደህ ምሕረት የተባለውን ቀላል ደረጃ በነፃ ማውረድ ትችላለህ፤ ከመደበኛው ወደ እሱ በፈለግህ ጊዜ መቀየር ይቻላል። ሃርድን (ከባዱን ደረጃ) መርጦ የጀመረ ግን ዝቅ ማድረግ አይችልም።

መጀመሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀላቀለችኝን ፒክሲ ላሰናብታት? በጣም ደካማ ሆነች።

አታሰናብቺያት። ዮዮጊ ፓርክ ስትደርሱ ራሷ መሄድ ትፈልጋለች፣ ምርጫውንም ላንቺ ትሰጥሻለች፤ እንድትቆይ ንገሪያት። እንዳትዋጋ ወደ ኋላ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ቦታ ከጠበበሽ ደግሞ አዋህጃት፤ ከእሷ የተገኘው ጋኔን፣ ከዚያም የሚወለደው፣ የእሷን ትዝታ ይዞ ይቆጠራል። ከመዝገብ የምትገዢያት ሌላ ፒክሲ ግን ያቺኛዋ አይደለችም፣ ስለዚህ ዘሩ የቱ ጋ እንዳለ በወረቀት ጻፊው። በአምስተኛው ካልፓ አንድ ክፍል አለ፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ወይም ዘሯን ይዘሽ ከገባሽ እንደገና ፒክሲ ሆና ትመለሳለች፣ ሌቭሏም 80 ይሆናል።